ከሰሌኑ ሥር

አላፓቲ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ የገዳይ ወገን ሆኖ ይውላል። ሥራው ነው። መርከብ ያራገፋቸው እንግዶች ለጎብኚ በተሠራው በጥንቱ መንደር ግቢ፣ በዳቦ ፍሬው ዛፍ ጥላ ሥር ተሰድረው ሲቀመጡ፣ እሱ በደጁ በኩል አንገቱን ሰብሮ ይገባል፣ ከትልቁ ቤት ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ይንበረከካል፣ የክብር ሰሌኑን ከራሱ እስከ ተረከዙ ይከናነባል፣ ከዚያ ይጠብቃል። አስጎብኚዋ ልጅ በእንግዶቹ ቋንቋ ትናገራለች፤ የዚህ ሰው ዘመድ ነፍስ አጥፍቷል፣ ሽማግሌው ፀሐይ ሳትቀድመው መጥቶ ከሟች ደጃፍ ተደፍቷል፣ የሟች ወገኖች ከፈለጉ በድንጋይ ይቀጠቅጡታል፣ ከፈለጉ ሰሌኑን ገልጠው ያነሱታል፣ ያን ጊዜ ደም ይደርቃል። አባቶቻችን ኢፎጋ ይሉታል። እዚህ ላይ ስትደርስ እንግዶቹ ፎቶ ማንሳታቸውን ይተዋሉ።

ሳማሶኒ የሚወጣው ያኔ ነው። ጎንበስ ሳይል በቤቱ ጣራ ጠርዝ ሥር የማያልፍ፣ ከወገቡ እስከ ጉልበቱ በንቅሳት የጠቆረ ግዙፍ ሰው ነው። ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ ከሰሌኑ ፊት ይቆማል፣ ያስጠብቃቸዋል። በመጨረሻ ዝቅ ይልና ሰሌኑን ገልጦ አላፓቲን አቅፎ ያነሳዋል። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፣ አንዳንዱም እንባውን ይጠርጋል። በጆሮው የሚያንሾካሹክለትን ግን አይሰሙትም።

«ዛሬም የቆርቆሮ ዓሣ ነው የበላኸው። ሰሌኑን አገማኸው።»

«ታዲያ ቶሎ አታነሳኝም? ጉልበቴ አለቀ እኮ።»

«ትንሽ ታገሥ፣ ያቺ ባለ ቀይ ባርኔጣዋ ገና አላለቀሰችም።»

ለዓመታት እንዲህ ኖሩ። ትርኢቱ ሲያልቅ ከድንጋዩ ምድጃ ጀርባ ተቀምጠው በኮኮናት ወተት የበሰለ ታሮ፣ ያን ጎደሬ መሳይ ሥር፣ እየበሉ ስለ ራግቢ፣ ስለ ፓስተሩ ስብከት መርዘም፣ ስለ ሚስቶቻቸው ያወራሉ። የሳማሶኒ ሁለተኛ ልጅ ፉአቲኖ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በዚያ ታልፋለች። ስምንት ዓመቷ ነው። አላፓቲን ባየችው ቁጥር የምትጠይቀው ያንኑ ነው።

«ዛሬ ማንን ገደላችሁ?»

«የፓስተሩን አሳማ።»

«ባለፈውም የፓስተሩን አሳማ ነው ያሉት።»

«ሁለት ነበሯቸዋ።»

እሷም እየሳቀች ከአባቷ ሳህን ላይ ትልቁን ታሮ አንስታ ትሮጣለች።

የአላፓቲ የመጨረሻ ልጅ ፋላኒኮ በዚያው በጥንቱ መንደር ሹፌር ነበር። ፒክአፕ ይነዳል፤ ማገዶ፣ ኮኮናት፣ ለምድጃው የሚሆን ድንጋይ ያመላልሳል። ክፉ ልጅ አልነበረም፣ ቸኩሎ ግን ያድግ ነበር፤ ቸኩሎ ይበላል፣ ቸኩሎ ይስቃል፣ ቸኩሎ ይነዳል። እናቱ ፓሌፓ «ይሄ ልጅ ሞትን ሳይቀር ሊቀድመው ነው» ትለዋለች። በዚያ ሰኞ አመሻሽ ላይ ዝናቡ እንደ ገመድ ይወርድ ነበር። የማታው ጸሎት ደወል ሳይመታ መኪናውን ሊመልስ ብሎ ጋልቦ መጣ። በሳማሶኒ መንደር መግቢያ፣ መታጠፊያው ላይ፣ የሙዝ ቅጠል አየ። ኋላ ለፖሊሱም ለአባቱም የነገረው ይህንኑ ነው፦ ቅጠል አየሁ፣ ነፋስ የጣለው መሰለኝ። ቅጠሉን ለዝናቡ ብላ ከራሷ በላይ የያዘችው ፉአቲኖ ነበረች።

አንስቶ ጋቢናው ውስጥ አስተኛትና ወደ ሆስፒታል በረረ። ሳይደርሱ አረፈች። ከዚያ በእግሩ ሄዶ ፖሊስ ጣቢያው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ።

ወሬው ሲመጣ አላፓቲ ከቤቱ ጀርባ ለአሳማዎቹ ፓፓያ እየቆራረጠ ነበር። ፓሌፓ መጣችና አጠገቡ ቆመች።

«ማነው የሞተው?» አላት ፊቷን አይቶ።

«የሳማሶኒ ፉአቲኖ።»

«በምን?»

ፋላኒኮ በዚህ ሰዓት ወደሚመጣበት መንገድ ዞረች። ገባው። ቢላዋውን መሬት ላይ አኖረና ተነሣ፣ ሁለት እርምጃም ተራመደ፤ ወዴት እንደሚሄድ ያስተዋለው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ሳማሶኒ ነበር። መከራ ሲደርስበት የሚሮጠው ሁልጊዜ ወደ እሱ ነውና፣ እግሩ አመሉን ተከትሎ መንገድ ጀምሯል። ቆመ። የሚሄድበት አልነበረውም፣ እዚያው አሳማዎቹ መካከል ቆሞ ቀረ።

የወገኑ አፈ ጉባኤ አጎቱ ቫአይጋ ምርኩዙን ይዞ መጣ። ብዙ አላወራም። «ነገ ሳይነጋ እንሄዳለን። ትደፋለህ። የቤቱ የአለቅነት ስም ያንተ ነው፣ የሚመታውም ጀርባ ያንተ ነው» አለና ማገዶና ድንጋይ የሚሸከሙትን የአክስት ልጆች ሊጠራ ወጣ። ፓሌፓ ፍራሹን ገልብጣ ከሥሩ እናቷ የሸመኑትን ሰሌን አወጣች። እንደ ሐር የለሰለሰ፣ በቀይ ላባ የተዘመዘመ ሰሌን ነው፤ እናቷ ዓይናቸውን የጨረሱበት። ለፋላኒኮ ሠርግ ነበር የተቀመጠው።

«ከዚህ ሌላ የለንም» አለች።

ሰማዩ አመድ ሲመስል ከሳማሶኒ ቤት ፊት ደረሱ። የቤቱ መጋረጃዎች በሙሉ ወርደዋል። አላፓቲ እርጥቡ ሣር ላይ ተንበረከከ፣ ቫአይጋ ሰሌኑን አለበሰው፣ የቀሩት ከኋላው ማገዶውን፣ ድንጋዩንና የሙዝ ቅጠሉን ከፊታቸው አድርገው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ያ ማለት፣ ይኸው እኛ፣ ይኸው ማገዶው፣ ከፈለጋችሁ እንደ አሳማ ጥበሱን ማለት ነው።

ከሰሌኑ ሥር ጨለማ አይደለም። ብርሃን በሽመናው መካከል እንደ ወንፊት ይወርዳል፤ ሣር ይታያል፣ ጉንዳን ይታያል፣ የራስ እጅ ይታያል። አላፓቲ ይህን ሁሉ ያውቀዋል። ያስፈራውም ማወቁ ነው። ጉልበቱ ሳያዘው ራሱን አመቻችቶ ተቀምጧል፤ ክርኑ የት እንደሚያርፍ፣ አንገቱ የቱን ያህል እንደሚሰበር፣ ትንፋሹ እንዴት እንደሚረዝም፣ ሰውነቱ ሁሉን አጥንቶታል። ልጅ ሞታለች፣ የሚያውቃት ልጅ፣ እሱ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ እንደሚቀመጠው ተቀምጧል። ቀናቱን ቢያስብ ዛሬም ማክሰኞ ነው። ሊያለቅስ ፈለገ፣ እንባው መጣ፣ ያኔም ስንት ጊዜ ለእንግዶች እንዲህ እንዳለቀሰ ትዝ አለውና በራሱ እንባ አፈረ። በሌላ አቀማመጥ ለመቀመጥ ሞከረ። ሌላ አቀማመጥ አያውቅም።

«አፉ በሉን» አለ ቫአይጋ ከኋላው፣ በዚያ በሸንጎ በተሞረደ ድምፁ። «ያጠፋነው እኛ ነን። የምንከራከርበት አፍ የለንም። ደማችንም ማገዷችንም ከደጃችሁ ነው።»

ከቤቱ ውስጥ የሴት ልቅሶ ይሰማል፤ ይነሣል፣ ይወድቃል። ዶሮ ጮኸ። ፀሐይ ወጣች፣ ሰሌኑም መሞቅ ጀመረ።

የእግር ኮቴ መጣ። አላፓቲ የሳማሶኒን አረማመድ ከሺህ ለይቶ ያውቃል፤ ይሄ የሱ አልነበረም። ፈጣን ነው፣ ጫማም አለው። ከፊቱ ቆመ። በሽመናው ቀዳዳ የጎማ ቦቲና የቆንጨራ ጫፍ አየ። የሳማሶኒ ታናሽ ወንድም ታኒኤሉ ነው።

«ማክሰኞ ነው ለካ» አለ ታኒኤሉ። «ሰዓትህን ጠብቀህ መጣህ። እንግዶችህስ? ማን ሊያጨበጭብልህ ነው ዛሬ?»

ከሰሌኑ ሥር ያለ ሰው አይናገርም።

«ተናገር እንጂ። ወይስ አስጎብኚዋን እናስመጣልህ? በየሳምንቱ ስትደፋ፣ በየሳምንቱ ስትነሣ፣ እኛ ደግሞ ይሄኛው የእውነት ነው ብለን እንድናምንህ ነው? በምኑ እንለየው? ንገረኛ፣ በምኑ?»

የቆንጨራው ጫፍ ሰሌኑን ነካ፣ ቀይ ላባዎቹን ወደ ላይ አነሣ፣ መልሶ ተወው። ከኋላ ያሉት ሲንቀሳቀሱ ይሰማል፤ ቫአይጋ ጉሮሮውን ጠረገና አረጋጋቸው። አላፓቲ በዚያች ቅጽበት ቆንጨራው ቢያርፍበት ይሻል ነበር ብሎ አሰበ። የታኒኤሉን ጥያቄ ሳይመልስ ይገላገል ነበር። ጥያቄው እውነት ነውና። በምኑ ይለዩት? እሱ ራሱስ በምኑ ይለየው?

ታኒኤሉ ተፋና ሄደ።

ፀሐይ ከፍ አለች። ላብ በግንባሩ ወርዶ ዓይኑ ውስጥ ገባ። አንድ ውሻ መጥቶ እግሩን አሸተተና አጠገቡ ተኛ። ሰዎች መንገድ ላይ ቆመው ያያሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ይሰማል። «ዛሬ ማንን ገደላችሁ?» የምትለው ድምፅ መጣችበት፤ ጆሮውን ሊደፍን እጁን አነሣ፣ ከሰሌኑ ሥር እጅ አይነሣምና መልሶ አወረደው።

ከዚያ አረማመዱን ሰማ። ቀርፋፋ፣ ከባድ፣ በባዶ እግር። ሳማሶኒ ከቤቱ ወጣ፣ ጠጠሩን አለፈ፣ ሣሩ ላይ ደረሰ። እግሮቹን አየ፣ ጣቶቹ ላይ የደረቀ ጭቃ አለ። እንደ ሁልጊዜው ከሰሌኑ ፊት ቆመ። እንደ ሁልጊዜው ጠበቀ። የአላፓቲ ጀርባ በልማድ ሊነሣ ቀና አለ፤ ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ያውቃልና፣ እጁ ይመጣል፣ ብርሃኑ ይገባል፣ ያቺ የጆሮ ቀልድ ትመጣለች።

እጁ አልመጣም።

«አላፓቲ» አለ ሳማሶኒ በመጨረሻ። ድምፁ የተሰነጠቀ ነበር። «ልገልጠው ነበር የወጣሁት።»

የእግሩ ጣቶች ሣሩን ጨመደዱት፤ ሲተነፍስ ይሰማል።

«እጄ አመሉ ነው፣ ይገልጠዋል። ቀላል ነው ለሱ። ይገልጥና ከዚያ... ከዚያ በኋላ ታሮ ልንበላ ነው? ፉአቲኖ እኮ ሆስፒታል ናት። በረዶ ላይ ናት። እጄን እንዴት ብዬ ላዘው?»

አላፓቲ አፉን ከፈተ። የሰሌኑን ሕግ ሊጥስ፣ ስሙን ሊጠራው፣ አትግለጠው ሊለው ወይም ግደለኝ ሊለው፣ ምን እንደሚል ሳያውቅ ከፈተው። የወጣው ግን ያው በየማክሰኞው የሚያሰማው ሲቃ ነበር፣ ዝቅ ያለና የተለካ። ሁለቱም ሰሙት። የሳማሶኒ እግሮች ወደ ኋላ አሉ፣ ዞሩ፣ ሄዱ።

ወደ ቀትር ገደማ አንዲት አሮጊት አክስት ወጥተው «ሂዱ ልጆቼ፣ ዛሬ እዚህ ቤት የሚቀበላችሁ ሰው የለም፣ ፀሐይ ትጨርሳችኋለች» አሏቸው። ቫአይጋ ሰሌኑን ራሱ አነሣለት። የራስ ወገን እጅ ሰሌን ሲያነሣ አላፓቲ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው። ማገዶውን፣ ድንጋዩን፣ ቅጠሉን ሰብስበው በመጡበት ተመለሱ፤ በመንገዱ ሁሉ አንድም ሰው ሰላም አላላቸውም፣ አንድም ሰው አልሰደባቸውም።

የቀብሩ ቀን አልሄዱም፣ መሄድም አይችሉም። አላፓቲና ፓሌፓ ከኮረብታው ላይ ካለው የታሮ እርሻቸው ሆነው የቤተ ክርስቲያኑን ደወልና የመዘምራኑን ድምፅ ሰሙ። ፓሌፓ በፓስተሩ እጅ ከዘመድ የለመነቻቸውን ሰሌኖችና አንድ ሳጥን የቆርቆሮ ሥጋ ልካ ነበር። ፓስተሩ ራሳቸው ተሸክመው መልሰው አመጡት። «ገና ናቸው» አሉ። «እግዚአብሔር ጊዜ አለው።»

«እሱ አለው» አለች ፓሌፓ። «ልጄ ግን ጣቢያ ነው ያለው።»

ፋላኒኮን በየሳምንቱ መጨረሻ ይጠይቁታል። መብላት ትቷል ማለት ይቻላል። አባቱን ሲያይ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ «አነሡህ?» አላፓቲም «አይ» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ቀን ልጁ «እኔ ብመጣስ? በእጅ ሰንሰለትም ቢሆን ቢያመጡኝ፣ እኔው ራሴ ብደፋ?» አለው። «አይፈቅዱልህም ልጄ» አለው አላፓቲ። እውነቱ እሱ አልነበረም። ልጁ ሲደፋ የሱን አቀማመጥ ይደፋል ብሎ ፈራ፤ በልጅነቱ ከጥላው ሥር ተቀምጦ ሲያየው ነው ያደገው።

የጥንቱ መንደር ኃላፊ ሌይቱ ቤቱ ድረስ መጣች። ወጣት ናት፣ ባሕር ማዶ ተምራ የመጣች፣ ልቧ ግን ከሰው ጋር የሆነ። ምንጣፉ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች።

«አጎቴ፣ ትርኢቱን ላስቀረው ነበር» አለች። «ቦርዱ አልፈቀደም። እንግዶቹ ከሌላው ሁሉ ያን ነው የሚወዱት አሉኝ። ሁለት ሌሎች ልጆች እያለማመድኩ ነው። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው የመጣሁት።»

«እነማን?»

«የአናጺው ልጅ ይደፋል። የእሳት ዳንሰኛው ያነሣዋል።»

«ሳማሶኒስ?»

«አልመጣም። ታንኳ ጠራቢዎቹ ጋ ላዛውረው ብዬ ላክሁበት፣ መልስ የለም።» የምንጣፉን ጠርዝ አቃናች። «እርስዎ የፈለጉትን ይንገሩኝ። ማድረግ የምችለውን...»

«ልጄ፣ አንቺም የምታደርጊው የለም፣ እኔም የምለምንሽ የለም» አላት። «ኮኮናት ጠጪና ሂጂ።»

እሷ ከሄደች በኋላ ግን አልቻለም። ሐሙስ ዕለት ሄዶ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አየ። የአናጺው ልጅ ጎበዝ ነበር። ክርኑን በደንብ ያሳርፋል፣ አንገቱን በደንብ ይሰብራል። ዳንሰኛው ሲያነሣው እንግዶቹ አጨበጨቡ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት በመሐረቧ ዓይኗን ጠረገች። አላፓቲ አጥሩን ይዞ ቆሞ፣ ውስጡ ምንም ሳይነካው ትርኢቱን እስከ መጨረሻው አየና ተመለሰ።

ሲመለስ በሳማሶኒ መንደር ማለፍ ነበረበት። ከዚያ ቀን ወዲህ በእርሻው ዞሮ ነው የሚያልፈው። ያን ቀን አልዞረም። ምን ሊያደርግ እንደሄደ ኋላ ፓሌፓ ጠይቃው አልነገራትም፤ አያውቀውም። ባዶ እጁን ነው፤ ሰሌን የለ፣ ማገዶ የለ፣ አፈ ጉባኤ የለ።

በአገሩ ልማድ ከሳማሶኒ ቤት ፊት ነጭ ጠጠር የተነጠፈበት አዲስ መቃብር አለ። የሳማሶኒ ሚስት ማታሌና በአጭር መጥረጊያ ዙሪያውን የወደቀ ቅጠል እየጠረገች ነበር። ቀና ብላ አየችው። ሁልጊዜ «እርስዎ» ትለው የነበረች ሴት ናት።

«ምን ልትሠራ መጣህ?»

«አላውቅም» አለ።

«ሰሌንህስ?»

«አላመጣሁም።»

መጥረጊያዋን አልጣለችም። እሱም የት እንደሚቆም አጣ፤ መቃብሩ አጠገብ መቆም ድፍረት መሰለው፣ ራቅ ብሎ መቆም ደግሞ ሽሽት። መንገዱና ግቢው መካከል ቆመ። መንበርከክ አማረው፤ ሲያስበው ጉልበቱ ያቺን አቀማመጥ ልትሠራ ስትዘጋጅ ተሰማውና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ልጅህ ምን አለ?» አለች ማታሌና ድንገት። «ስትሞት አጠገቧ የነበረው እሱ ነው። እኔ አልነበርኩም፣ አባቷም አልነበረም። ፖሊሶቹ ስለ ፍጥነትና ስለ ጎማ ነው የሚያወሩት። ምን አለ ልጅህ?»

አላፓቲ ያውቃል። ፋላኒኮ በጣቢያው አጥር በኩል ነግሮታል። ለማንም አልተናገረውም።

«በረደኝ አለችው» አለ። «ሸሚዙን አውልቆ አለበሳት። ከዚያ... ቀሚሴ ተቀደደ፣ ለእማዬ አትንገራት አለችው።»

ማታሌና ቅጠሉን ማየት ጀመረች።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። አልነግራትም አላት። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።»

ማታሌና መቃብሩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። «ያን ቀሚስ ሁለቴ ጠቅሜዋለሁ» አለች። «ጠዋት፣ አሁንም ብትቀጂው አልሰፋልሽም አልኳት። እንዲህ ነው ያልኳት።» መጥረጊያዋን ጭኗ ላይ አኖረች። «ይህን ባትነግረኝ ይሻል ነበር። ጠይቄህ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ባትነግረኝ ይሻል ነበር። አሁን ይሄንን ይዤ የት ልሂድ?»

አላፓቲ ከእግሩ ሥር አንድ የወደቀ ቅጠል አነሣ። የሚጥልበት ግን አጣ።

«ሂድ» አለችው። «ታኒኤሉ ከዓሣ ሳይመለስ ሂድ።»

ሄደ። ከቤቱ ምሰሶ አንዱን ተደግፎ ሳማሶኒ ተቀምጦ ነበር፣ ሁሉንም ሰምቷል። አልተነሣም። አላፓቲ ሲያልፍ ዓይን ለዓይን ተያዩ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ መሬት አቀረቀሩ።

ፍርድ ቤቱ የተሰየመው የክረምቱ ነፋስ ሲጀምር ነው። ፋላኒኮ ጥፋተኛ ነኝ አለ፣ ከቃሉም አልወጣም። ዳኛዋ ፍርዱን ከመስጠቷ በፊት በአገሩ ደንብ ጠየቀች፦ ኢፎጋ ተደርጓል ወይ? ቫአይጋ ተነሥቶ ተደርጓል አለ። የሟች ቤተሰብ ተቀብሏል ወይ? አለች።

ሳማሶኒ ተነሣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከስቷል፣ ሸሚዙ የሌላ ሰው ይመስላል። አላፓቲ ሳይፈልግ ተስፋ አደረገ። አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ያቺ ቃል ለልጁ ዓመታት ማለት ናት።

«አልተቀበልንም» አለ ሳማሶኒ።

«የምትጨምሩት አለ?»

ሳማሶኒ ወደ አላፓቲ ዞረ። አፉ ተንቀሳቀሰ። ያ ሰው ቀልድ ጠፍቶት አያውቅም ነበር፣ ቃል ጠፍቶት አያውቅም ነበር። «ብንቀበለው እወድ ነበር» አለ በመጨረሻ፣ ለዳኛዋ ሳይሆን ለአላፓቲ፣ እንደሚጨነቅ ሰው። «አልሆነልኝም።» ተቀመጠ።

አምስት ዓመት ተፈረደበት። ፋላኒኮን ሲወስዱት ወደ ኋላ ዞሮ እናቱን ፈለገ፣ ሳያገኛት በሩ ተዘጋ።

ወደ ጠረፉ የሚሄደው የከሰዓቱ አውቶቡስ አንድ ብቻ ነው። ገበያ የዋሉ ሴቶች፣ ተማሪዎች፣ ዶሮ በዘንቢል የያዘ ሽማግሌ ሞልተውታል፤ እንደ ልማዱ ሰው በሰው ጭን ላይ ተደራርቧል፣ ሙዚቃውም ይጮኻል። አላፓቲና ፓሌፓ ቀድመው ስለገቡ መካከል ላይ መቀመጫ አግኝተዋል። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ማታሌናና ሳማሶኒ ገቡ። ሹፌሩ ሙዚቃውን አጠፋ።

ሳማሶኒ በሩ አጠገብ ብረቱን ይዞ ቆመ። ማታሌና በመተላለፊያው ገፋ እያለች መጥታ፣ ሌላ ቦታ ስላጣች፣ ከፓሌፓ አጠገብ ደረሰች። ፓሌፓ ብድግ አለች። መቀመጫዋን ለቀቀችና በእጇ አሳየቻት። አላፓቲም ተነሣ።

ማታሌና መቀመጫውን አየችው። ጠዋት ከወጣች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ግን አልተቀመጠችም። በላዩ ያለውን ብረት ያዘች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ፓሌፓም ተመልሳ መቀመጥ አልቻለችም። እሷም ያንኑ ብረት ያዘች።

አውቶቡሱ ተነሣ። ሰው በሰው ላይ ተጭኖ፣ ሕፃናት በእቅፍ ታፍነው፣ ሽማግሌው ዶሮውን አናቱ ላይ አድርጎ ቆሞ፣ ያቺ ለሁለት ሰው የምትበቃ መቀመጫ ባዶዋን ቀረች። ከሚገቡት አንዱ እንኳ ሊቀመጥባት አልሞከረም። በየመታጠፊያው ሁለቱ ሴቶች እየተንገዳገዱ ትከሻ ለትከሻ ይነካካሉ፣ ወዲያው ይለያያሉ። ባሕሩ በግራ በኩል ታየ፣ ጠፋ፣ እንደገና ታየ። እነማታሌና ሲወርዱም፣ ከዚያ በኋላ እስከ ራሳቸው መንደር ድረስም፣ አላፓቲና ፓሌፓ ቆመው ሄዱ።